ሬዚደንት ኢቭል 6ን ለሁለት ስትጫወቱ፦ ጥይት ሳይሆን ጉልበት ቁጠሩ

ዞምቢ የሚገጠምበትን ሬዚደንት ኢቭል 6 የተባለ የቪዲዮ ጌም ጀምረው መንገድ ላይ የሚተዉ ሰዎች ቅሬታቸው አንድ ነው፤ ጥይት ያልቃል። እውነት ነው፣ ያልቃል። የሚያልቀው ግን ጌሙ ጥይት ስለሚነፍግ ሳይሆን ተጫዋቹ እያንዳንዱን ዞምቢ እስኪወድቅ ድረስ ስለሚተኩስበት ነው። የጃፓኑ ኩባንያ ካፕኮም ይህን ጌም የሠራው ሽጉጡ ጠላትን እንዲያንገዳግድ፣ እግርና ክርን ደግሞ እንዲጨርሱት አድርጎ ነው። ይህ የገባቸው ሁለት ሰዎች ጥይት ተርፏቸው ምዕራፍ ይጨርሳሉ።

መመሪያው ባሕር ዳር ውስጥ ስክሪን ለሁለት ተካፍለው ለሚጫወቱ ነው። ፔዳና ፖሊ አካባቢ ፕሌይስቴሽን ቤት ለሚሄዱም፣ ቤታቸው ኮንሶል ወይም ላፕቶፕ ላላቸውም ይሠራል። ለሁለት ለመጫወት ኢንተርኔት አያስፈልግም። አንድ ነገር ግን አስቀድሞ መነገር አለበት፤ ጌሙ በአውሮፓ ምደባ ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ አይፈቀድም። ሕፃናት የኳስ ጌም ተራ በሚጠብቁበት ክፍል ውስጥ ከተከፈተ ስክሪኑ ወደ ጥግ ይዙር፤ ጨርሶ ባይከፈት ደግሞ ይመረጣል።

የትኛው ቅጂ ነው ያለው?

ጌሙ ለፕሌይስቴሽን 3 እና ለኤክስቦክስ 360 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012፣ ለኮምፒውተር በ2013፣ ለፕሌይስቴሽን 4 እና ለኤክስቦክስ ዋን በ2016 ነው። ልዩነቱ የምስል ጥራት ብቻ አይደለም። በ2012 መጨረሻ የወጣው አፕዴት ከጌሙ አራት ታሪኮች አንዱን፣ የኤዳን ታሪክ፣ ከመጀመሪያው ክፍት አደረገ፣ ለእሷም ሁለተኛ ተጫዋች ፈቀደ፣ ካሜራውንም ከካራክተሩ ጀርባ ማራቅ አስቻለ። ኢንተርኔት ገብቶበት በማያውቅ ፕሌይስቴሽን 3 ላይ እነዚህ የሉም። ኤዳ ተቆልፋ ካገኛችኋት ዲስኩ ተበላሽቶ አይደለም፤ የሌሎቹ ሦስት ታሪኮች እስኪያልቁ አትከፈትም። ካሜራው ትከሻ ላይ ተለጥፎ ራስ የሚያዞርባችሁም በዚሁ ምክንያት ነው። የፕሌይስቴሽን 4 ቅጂ ሁሉንም አብሮ ስለያዘ ምርጫ ካላችሁ እሱን ያዙ።

ላፕቶፕ ላይ ከሆነ ካፕኮም ያወጣው ዝቅተኛ መስፈርት 2 ጊጋባይት ራም፣ ጂፎርስ 8800 ጂቲኤስ የሚያህል ግራፊክስ ካርድና 16 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ነው። ስክሪን ስትካፈሉ ግን ማሽኑ ሁለት እይታ በአንድ ጊዜ ይሥላል። ለብቻ ስትጫወቱ ያልተንቀራፈፈ ላፕቶፕ ለሁለት ሲሆን ሊንቀራፈፍ ይችላል። እንዲያ ሲሆን መጀመሪያ የጥላ ጥራትን ዝቅ አድርጉ፤ ካልበቃ ሬዞሉሽኑን ወደ 1280 በ720 አውርዱ። ቢያንስ አንድ ጆይስቲክ ያስፈልጋችኋል።

ሁለታችሁም ጌሙን ስቲም ከሚባለው የኢንተርኔት የጌም መደብር ከገዛችሁ 16 ጊጋባይቱን ሁለት ጊዜ በሞባይል ዳታ ማውረድ ገንዘብ ማባከን ነው። የወረደበት ኮምፒውተር ላይ «ስቲምአፕስ»፣ በውስጡም «ኮመን» የሚለውን ፎልደር ክፈቱና የጌሙን ፎልደር በኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ቅዱ። ሌላው ኮምፒውተር ላይ እዚያው ቦታ አስቀምጡትና ኢንስቶል በሉ። ስቲም ያለውን ፋይል መርምሮ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል።

መብራትና ሴቭ

አንድ ምዕራፍ በጀማሪ እጅ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ፕሌይስቴሽን ቤት ከሆናችሁ ሒሳቡን በኳስ ግጥሚያ ሳይሆን በሰዓት ተነጋገሩ፤ አለዚያ ምዕራፉ መሐል ላይ ክርክር ይነሳል።

ጌሙ በራሱ ሴቭ ያደርጋል፤ ነገር ግን ስትሞቱ የምትመለሱበት ቦታና ኮንሶሉ ከጠፋ በኋላ የምትቀጥሉበት ቦታ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ሞታችሁ ከበሩ አጠገብ ስለተነሳችሁ ነገም ከዚያው እንጀምራለን አትበሉ። ሴቭ እያደረገ መሆኑን የሚያሳየው ምልክት ስክሪኑ ላይ ወጥቶ ሲጠፋ ካያችሁ ብቻ ነው ቦታው የተያዘው። ምልክቱ በሚታይበት ቅጽበት መብራት ከሄደ ደግሞ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። መብራት በድንገት ከሄደ በኋላ ፕሌይስቴሽን 4 ሲነሳ ሀርድ ዲስኩን ይመረምራል፤ ቸኩላችሁ አታጥፉት፣ ይጨርስ።

ቤት ውስጥ ለሚጫወት 650 ቪኤ ዩፒኤስ አንድ ኮንሶልና አንድ መካከለኛ ቴሌቪዥን ለጥቂት ደቂቃ ይይዛል። ጥቅሙ መጫወት ለመቀጠል ሳይሆን ሴቭ የሚያደርግበት ቦታ ደርሶ በሥርዓት ለመዝጋት ነው። በክረምት መብረቅ ሲበዛ ግን ዩፒኤስም ቢኖር ሶኬቱን ንቀሉ። ማታ ማታ ለወባ ትንኝ ተብሎ መስኮት በሚዘጋባቸው የሐይቅ ዳር ቤቶች፣ በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ኮንሶሉን መደርደሪያ ውስጥ አትክተቱት። ከኋላው ቢያንስ የአንድ ስንዝር ክፍተት ይኑር።

ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ትልቁ ጠላት ሌላ ነው፤ ሁሉም ሰው በአንድ ዩዘር ይጫወታል፣ ከእናንተ በኋላ የመጣውም ሌላ ምዕራፍ ጀምሮ የእናንተን ያጠፋዋል። ፕሌይስቴሽን 4 እስከ 16 ዩዘር ይይዛል። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ የራሳችሁን ክፈቱ፤ የፒኤስኤን (የፕሌይስቴሽን የኢንተርኔት አገልግሎት) አካውንት አያስፈልገውም። ሁለተኛው ጆይስቲክ ሲበራም ዩዘር ይጠይቃል፤ «ጌስት» በሉት።

ጆይስቲክና ስክሪን

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ጆይስቲኩን ፈትኑ። በኳስ ጌም ሲደበደብ የከረመ ጆይስቲክ ሁለት ቦታ ይጎዳል። አንደኛው ዱላው ነው። የማነጣጠሪያውን ቁልፍ ያዙና ጣታችሁን ከቀኝ ዱላ ላይ አንሱ፤ ነጥቡ በራሱ የሚንሸራተት ከሆነ ሌላ ጆይስቲክ ጠይቁ። ሁለተኛው ለሩጫና ለምት ሲጨመቁ የኖሩት የፊት ቁልፎች ናቸው። የዚህ ጌም ምርጥ መሣሪያ የሆነው ፈጣን ተኩስ ሁለት ቁልፎችን እኩል መጫን ይጠይቃል፤ አንዱ ዘግይቶ የሚመለስ ከሆነ አይወጣላችሁም፣ ጥፋቱንም የእናንተ ይመስላችኋል።

ለሁለት ሲከፈል እያንዳንዱ ሰው የሚያገኘው መስኮት ጠባብ ነው፣ ጽሑፉም ያንሳል። ቴሌቪዥኑ ትንሽ ከሆነ ቀረብ ብላችሁ ተቀመጡ። የሊዮን ታሪክ ጨለማ ይበዛዋል፤ ቀን ላይ በሩ ወደ መንገድ በተከፈተ ቤት ውስጥ ግማሹ አይታይም። ከበሩ ትይዩ ያለውን ስክሪን ትታችሁ የጎኑን ያዙ፣ በአማራጮች ውስጥም ብርሃኑን ከፍ አድርጉ። ፈሪ ናችሁ ማለት አይደለም፤ ወለል ላይ የተኛ ሬሳ ጣቱን ሲያንቀሳቅስ ማየት ካልቻላችሁ ይነክሳችኋል።

አጀማመሩ ቀላል ነው፦ ታሪክ፣ ከዚያ ምዕራፍ፣ ከዚያ ክብደት፣ ከዚያ ስክሪኑን ለሁለት መክፈል፣ በመጨረሻ ካራክተር። ክብደቱን በ«ኖርማል» ጀምሩ። «አማተር» ላይ ቁልፍ ቶሎ ቶሎ መጫን የሚጠይቁትን ትዕይንቶች ጌሙ ራሱ ይሠራላችኋል፤ እንግሊዝኛውን በፍጥነት ማንበብ ለሚያስቸግረው ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ጉልበት

ከጤና መስመሩ ጋር አብሮ የሚታየው፣ በትንንሽ ክፍል የተከፋፈለው መስመር የጉልበት መስመር ነው። ርግጫ፣ ቡጢና ፈጣን ተኩስ የሚከፈሉት ከእሱ ነው። ለጥቂት ጊዜ ካልተማታችሁ በራሱ ይሞላል። ሙሉ በሙሉ ሲያልቅ ግን ካራክተሩ ይደክማል፤ ምቱ ይዘገያል፣ ጉዳቱም ይወርዳል። ሰዎች የሚሞቱት ጥይት ሲያልቅ ሳይሆን ዞምቢዎች መሐል ቆመው ጉልበታቸው ሲያልቅ ነው። ስለዚህ መስመሩ እስከ ታች አይውረድ፤ ሁልጊዜ ለአንድ ፈጣን ተኩስ የሚሆን ክፍል አስቀሩ።

ፈጣን ተኩስ የማነጣጠሪያና የመተኮሻ ቁልፎችን ባንድ ላይ መጫን ነው። ካራክተሩ ቅርብ ወዳለው ጠላት በራሱ ዞሮ ይተኩሳል፤ አንድ የጉልበት ክፍልና ጥይት ይወስዳል። የተመታው ጠላት ይደነግዛል። ወዲያው ቀርባችሁ ሳታነጣጥሩ የመተኮሻውን ቁልፍ ስትጫኑ ካራክተሩ በአንድ ርግጫ ወይም በአንገት ቅጭት ይጨርሰዋል። ሁለቱን አከታትሎ ማድረግ የዚህ ጌም ፊደል ነው። በባዶ መንገድ ላይ፣ አንድ ዞምቢ ብቻ ሲቀር፣ እጃችሁ እስኪለምደው ድረስ ደጋግሙት። በሽጉጥ አድርጉት፤ ፈጣን ተኩስን በስናይፐር ማድረግ ብርቅ ጥይት መጣል ነው።

የሚከብበው ሲበዛ መሬት ያድናል። ማነጣጠሪያውን ይዛችሁ ዱላውን ወደ አንድ አቅጣጫ ገፍታችሁ የሩጫውን ቁልፍ ብትጫኑ ካራክተሩ ይወረወራል ወይም ይንከባለላል። ማነጣጠሪያውን ካልለቀቃችሁት ተኝቶ ይቀራል፣ ተኝቶም ይተኩሳል። ጥይት ከሚተኩስ ጠላት ጋር ስትገጥሙ ይህ ከግድግዳ መከለል የበለጠ ይጠቅማል፤ የግድግዳው መከለያ ቁልፉ አስቸጋሪ ነው፣ ብዙ ጊዜም ያለፈቃድ ያጣብቃችኋል። እየሮጣችሁ ማነጣጠሪያውን ብትጫኑ ደግሞ ተንሸራታችሁ የጠላትን እግር ትጠርጋላችሁ። ወለል ላይ የወደቀን ዞምቢ በጥይት አትንኩት፤ እርገጡት።

መልሶ ማጥቃት የሚባለው ጠላት እጁን ሲሰነዝር በትክክለኛው ቅጽበት የመተኮሻውን ቁልፍ መጫን ነው። ገና ሲያነሳ ከተጫናችሁ ተራ ምት ይወጣና ቀድሞ ይመታችኋል፤ እጁ ወደ እናንተ መውረድ ሲጀምር ነው። መጥረቢያ የያዙ ዞምቢዎች ላይ ሲሳካ የገዛ መጥረቢያቸው ይመለስባቸዋል።

ዕፅና ክኒን

ዕፅ በቀጥታ አይበላም፤ መጀመሪያ ወደ ክኒን ይለወጣል። አንድ አረንጓዴ 1 ክኒን ይሰጣል፣ ሁለት አረንጓዴ 3፣ ሦስት አረንጓዴ 6። አንድ አረንጓዴ ከአንድ ቀይ ጋር ሲቀላቀል ያው 6 ይሰጣል። ቀይ ብቻውን ምንም አይደለም። ስለዚህ አረንጓዴ ባገኙ ቁጥር መለወጥ ኪሳራ ነው፤ ቀይ እስኪገኝ ወይም ሦስት እስኪሞላ ያዙት፣ ቦርሳው ካልሞላ በስተቀር። የተቀላቀለውን ወደ ክኒን ማስገባት ግን አትርሱ። ጌሙ ሜኑ ስትከፍቱ አይቆምም፤ ጠላት ፊት ቆመው ዕፅ ሲቀላቅሉ የሚሞቱ ብዙ ናቸው።

አንድ ክኒን አንድ የጤና ክፍል ይሞላል። በግማሽ የተጎዳ ክፍል ግን ጥቂት ብትታገሡ በራሱ ስለሚሞላ ክኒን አታባክኑበት። ጤናችሁ አልቆ ስትወድቁ ገና አልሞታችሁም፤ እየተሳባችሁ ወደ ጓደኛችሁ ሂዱ፣ ተኝታችሁም ተኩሱ። ጓደኛ ደርሶ ያነሳችኋል። ስክሪን ተካፍሎ መጫወት ትልቁ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው መስኮታችሁን ስለሚያይ ሳትጠሩት ይመጣል። ጥይትና ዕፅ መለዋወጥ ግን የለም።

ማን ከማን ጋር፣ በምን ቅደም ተከተል

አራት ታሪኮች፣ እያንዳንዳቸው አምስት ምዕራፍ። ብዙ ሰው በሜኑው ቅደም ተከተል ይሄዳል፦ ሊዮን፣ ክሪስ፣ ጄክ፣ ኤዳ። እኛ የምንመክረው ሊዮን፣ ጄክ፣ ክሪስ፣ ኤዳ ነው። ሊዮን ላይ ዞምቢዎቹ ዝግ ስለሚሉ እጅ ለማላመድ ጊዜ ይሰጣሉ። ጄክ ጉልበት መቁጠርን ያስተምራል። ክሪስ ላይ ጠላቶቹ መሣሪያ ስለያዙና ቅርጻቸውን ስለሚቀይሩ፣ ያለ ልምድ ሲገቡበት ጥይት የሚያስጨርሰው እሱ ነው።

ሊዮንና ሄሌና። ሊዮን በሁለቱ እጆቹ ሁለት ሽጉጥ መያዝ ይችላል፤ ቶሎ ይተኩሳል፣ ጥይትም ቶሎ ይበላል። ሄሌና «ሃይድራ» የሚባል ባለ ሦስት አፍ አጭር ጠመንጃ አላት፤ ቅርብ ለመጣ ስብስብ ከእሱ የሚበልጥ የለም። ረጋ ያለው ሰው ሊዮንን፣ ፊት ለፊት መግባት የሚወደው ሄሌናን ይያዝ። ጩኸታም ዞምቢ ሲመጣ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ የጉሮሮውን ከረጢት ምቱ፤ ጩኸቱ ሁለታችሁንም ያደነዝዛል። ቆዳው ተገፎ ቀይ ሆኖ የሚዘለው ደረቱ ሲከፈት ልቡ ላይ ይመታል። ወፍራሙን ግዙፍ ዞምቢ እግሩን መትታችሁ ጣሉት፣ ከዚያ በርግጫ። ምዕራፍ ሁለት ላይ ካቴድራሉ ውስጥ ጋዝ የምትረጨዋ ፍጡር ስትመጣ ለየብቻ ራቁ፤ ተጠጋግታችሁ ከቆማችሁ አንድ ትንፋሽ ሁለታችሁን ይይዛል።

ጄክና ሼሪ። ጄክ መሣሪያውን አስቀምጦ በባዶ እጁ ሲዋጋ ከማንም የበለጠ ይጎዳል፤ ባዶ እጅ በመሣሪያ ዝርዝሩ ውስጥ እንደ አንድ መሣሪያ ይመረጣል። ሼሪ የኤሌክትሪክ ዱላ አላት። ሁለቱም ቅርብ ተዋጊ ስለሆኑ በተራ ግቡ፤ አንዱ ሲማታ ሌላው ጉልበቱን ያስሞላ፣ በሽጉጥም ይሸፍን። ኡስታናክ የሚባለው አሳዳጅ ደጋግሞ ይመጣል። ብዙውን ጊዜ የሚፈለግባችሁ መሸሽ እንጂ መግደል አይደለም፤ መንገድ ካሳያችሁ ሩጡ። በረዷማው ተራራ ዋሻ ውስጥ ሲፈልጋችሁ ደግሞ አትሩጡ፣ አትተኩሱ።

ክሪስና ፒርስ። ክሪስ አውቶማቲክ ጠመንጃ፣ ፒርስ ከባድ ስናይፐር አላቸው። እዚህ የሚገጥሟችሁ ጃቮዎች፣ ማለትም በቫይረስ የተለወጡ ታጣቂዎች ናቸው። ጃቮን የት እንደምትመቱት ምን እንደሚሆን ይወስናል። እጁ ከተመታ እጁ ወደ ማጭድ፣ ወደ ጋሻ ወይም ወደ ረጅም መያዣ ሊለወጥ ይችላል፤ እግሩ ከተመታ የሚዘል ፍጡር ሊሆን ይችላል። ስሞቻቸው ከሰርብኛ የተወሰዱ ስለሆኑ መለየት ቀላል ነው፦ «ሩካ» ክንድ፣ «ኖጋ» እግር፣ «ግላቫ» ራስ። ዝም ብሎ አካሉ ላይ ጥይት መርጨት አንዱን ቀላል ጠላት ወደ ከባድ መለወጥ ነው። አደንግዛችሁ በእጅ ጨርሱት። ጋሻ ያወጣውን አንዳችሁ ፊቱን ይዛችሁ አቆዩት፣ ሌላው በጎን ይዙር። አንዳንዱ ሲሞት እንደ ሙጫ ደርቆ ቅርፊት ይሆናል፤ ሲሰነጠቅ ከመሰማቱ በፊት ምቱት፣ አለዚያ ሌላ ፍጡር ይወጣል። ጋሻ የለበሰ የሚመስለው ናፓድ የተባለው ፍጡር ከወጣ ቅርፊቱን ሰብራችሁ ጀርባውን ፈልጉ። ምዕራፍ ሁለት ላይ ያለው ግዙፍ ፍጡር በጥይት ብቻ አይወድቅም፤ ተመትቶ ሲንበረከክ ጀርባው ላይ ያለው ነገር ይሳባል።

በምዕራፎች መካከል ባጠራቀማችሁት ነጥብ ክህሎት ትገዛላችሁ፤ በአንድ ጊዜ የሚለበሱት ሦስት ብቻ ናቸው። መጀመሪያ ከጠላት የሚወድቀውን ዕቃ የሚያበዛውን «አይተም ድሮፕ ኢንክሪስ» ግዙ፤ ዋጋው ለጀማሪ ከባድ ነው፣ ግን ርካሹን ከመሰብሰብ እሱን መጠበቅ ይሻላል። ቀጥሎ መከላከያውን፣ ከዚያ የእጅ ምቱን። የገዛችሁት ክህሎት በሌሎቹ ታሪኮችም ይሠራል።

ኤዳ

የኤዳን ታሪክ ለመጨረሻ ያስቀመጥነው የሌሎቹን ቀዳዳ የሚሞላው እሱ ስለሆነ ነው። የቀስት መሣሪያዋ ድምፅ ስለሌለው ጠላት ሳያያችሁ ራስ ላይ መምታት ያዋጣል፤ ፈንጂ ያለበትን ቀስት ግን በቅርብ አትተኩሱት፣ እናንተንም ይጥላል። እንቆቅልሾቹ እዚህ ይበዛሉ። ለሁለት ስትጫወቱ ሁለተኛው ሰው «ኤጀንት» የሚባል ካራክተር ይሆናል። ኤጀንት ተዋጊ ብቻ ነው፤ በር አይከፍትም፣ በታሪኩ ትዕይንትም አይታይም። ስለዚህ ኤዳን የያዘው ሰው ስለ መንገዱ ያስብ፣ ኤጀንት ደግሞ ጀርባዋን ይጠብቅ። መንገድ ከጠፋችሁ መድረሻውን የሚያመለክተውን ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙ፤ ርቀቱን በሜትር ያሳያችኋል።